ከሜሪላንድ ወደ ቴክሳስ ለገባ ሰው፦ መጀመሪያ መንጃ ፈቃዱ ወይስ ታርጋው?

የሲልቨርስፕሪንጓ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ባለቤቴ እዚህ ሥራ ስላገኘ ከሲልቨር ስፕሪንግ ጓዛችንን ጠቅልለን ጋርላንድ ገብተናል። ቤት ተገኘ፤ ልጆቹም ትምህርት ቤት ተመዘገቡ። የቀረን የመኪናና የመንጃ ፈቃድ ጣጣ ነው።

ሁለት መኪና አለን። የእኔ ኮሮላ ዕዳዋ አላለቀም፤ ታይትሏ (የባለቤትነት ወረቀቷ) አበዳሪው ጋ ነው። የባለቤቴ ካምሪ ተከፍላ ያለቀች ናት። ሁለቱም የሜሪላንድ ታርጋ ነው ያላቸው። መንጃ ፈቃዳችንም የሜሪላንድ ነው፤ ጊዜው ገና አላለፈም። እኔ ግሪን ካርድ አለኝ። እሱ የጥገኝነት ጉዳዩ ስላልተወሰነ በወርክ ፐርሚት ነው ያለው።

ሰው ስንጠይቅ ሁሉም የየራሱን ይነግረናል። አንዱ "ሦስት ወር አላችሁ፤ ምን አስቸኮላችሁ?" ይላል። ሌላው "ሠላሳ ቀን ብቻ ነው" ይላል። ቤተ ክርስቲያን ያገኘናቸው አንድ አባት ደግሞ "የድሮው እስኪያልቅ ንዱ፤ ማንም አይጠይቃችሁም" አሉን። የቱን እንመን? ከየቱስ እንጀምር?

የቴክሳስ ኢንሹራንስ ዋጋ አስጠይቄ ጨርሻለሁ። ነገ የሜሪላንዱን ሰርዤ አዲሱን ልጀምር ነው።

ወንድም_ከሪቻርድሰን

እህቴ፣ ሌላው ሁሉ ይደርሳል። የሜሪላንዱን ኢንሹራንስ ግን ነገ እንዳትሰርዢው!

ሜሪላንድ ታርጋና ኢንሹራንስን ለያይቶ አያይም። ታርጋው በስምሽ እስካለ ድረስ የሜሪላንድ ኢንሹራንስ ይፈለግበታል። ሲቋረጥ ካምፓኒው ራሱ ለኤምቪኤ፣ ማለትም ለሜሪላንድ የመኪናና የመንጃ ፈቃድ ቢሮ፣ ያሳውቃል። ከዚያ መኪናዋ ኢንሹራንስ እንደሌላት ተቆጥራ ቅጣቱ በቀን እየተሰላ ይሄዳል። አንቺ እዚህ በቴክሳስ ኢንሹራንስ በሰላም እየነዳሽ፣ እዚያ ዕዳ ይከመርብሻል። ካልተከፈለ ወደ ስቴቱ ዕዳ ሰብሳቢ ክፍል ይተላለፋል፤ እዚያ ሲደርስ ሌላ ክፍያ ይጨመርበታል። ደብዳቤው ደግሞ የሚሄደው ወደ ድሮው አድራሻ ነው። ብዙ ሰው ነገሩን የሚሰማው ዕዳው ካበጠ በኋላ ነው።

መጀመሪያ የቴክሳሱን ኢንሹራንስ ጀምሪ። የቴክሳስ ታርጋ አውጪ። የሜሪላንዱን ታርጋ ፈትተሽ ለኤምቪኤ መልሺ፤ በፖስታም ይቀበላሉ። መመለሱን የሚያሳይ ማረጋገጫ እጅሽ ሲገባ የድሮውን ኢንሹራንስ ሰርዢ። በፖስታ ከላክሽው መከታተያ ቁጥር ይኑረው፤ ከመላክሽ በፊትም ታርጋውን ፎቶ አንሺው። ለጥቂት ጊዜ ሁለት ቦታ መክፈል እንደሚያናድድ አውቃለሁ። ቢሆንም ከቅጣቱ ይሻላል።

ካምፓኒሽ በሁለቱም ስቴት የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ደውለሽ "ስቴት እየቀየርኩ ነው፤ ታርጋ እስክመልስ የድሮው እንዳይቋረጥ" በያቸው። ይህን ሲሰሙ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ያውቁታል።

ነርሷ_ዳላስ

እንኳን ደህና መጣችሁ። "ሠላሳ ቀን" ያለሽም "ሦስት ወር" ያለሽም ልክ ነው፤ የሚያወሩት ስለተለያየ ነገር ነው። ለመኪናው 30 ቀን፣ ለመንጃ ፈቃዱ 90 ቀን ነው።

እዚህ ግራ የሚያጋባው ቢሮው ሁለት መሆኑ ነው። ሜሪላንድ ኤምቪኤ ትሄጂና ሁሉንም አንድ ቦታ ትጨርሻለሽ። ቴክሳስ ውስጥ መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው ዲፒኤስ ነው። ታርጋና ታይትል የሚሠራው የካውንቲው ታክስ ኦፊስ ነው። ሁለቱ አይገናኙም። አንዱ ጋ ሄደሽ የሌላውን ብትጠይቂ "እዚህ አይደለም" ይሉሽና ቀንሽ ይባክናል።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገርሽ። መኪናው ይቀድማል። ምክንያቱም ከሌላ ስቴት የመጣ ሰው መንጃ ፈቃዱን ሊቀይር ዲፒኤስ ሲሄድ፣ በስሙ መኪና ካለው የቴክሳስ ሬጅስትሬሽኑን (የመኪና ምዝገባ ወረቀቱን) አሳይ ይባላል። ኢንሹራንሱንም ያያሉ። 90 ቀን አለን ብላችሁ መኪናውን ትታችሁ መጀመሪያ ለመንጃ ፈቃድ ብትሰለፉ ወረቀቱ ይጎድላችኋል። ቀጠሮ እንደ ልብ በማይገኝበት ከተማ ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው። እኔ ጋ ለሥራ የሚመጡ አዳዲስ ነርሶች በብዛት የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው።

መኪናው ደግሞ የራሱ ተራ አለው፦

ኢንሹራንስ መጀመሪያ። በቴክሳስ ትንሹ የሚፈቀደው ሽፋን ለአንድ ሰው ጉዳት 30 ሺህ፣ በአንድ አደጋ ለሰዎች ጉዳት በድምሩ 60 ሺህ፣ ለንብረት 25 ሺህ ዶላር ነው። ከቻላችሁ ከዚህ ከፍ አድርጉት። እዚህ ሀይዌይ ላይ ያለው መኪና ብዙው ውድ ነው፤ 25 ሺህ የአንዱን ፊት እንኳ ላያሠራ ይችላል።

ቀጥሎ የጭስ ምርመራ፣ ማለትም ኢሚሽን። የድሮው የደኅንነት ኢንስፔክሽን ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ለግል መኪና ቀርቷል። ይህን ሰምተው "ኢንስፔክሽን የለም" የሚሏችሁ አሉ። ዳላስ ካውንቲ ግን ኢሚሽን ከሚጠየቅባቸው ካውንቲዎች አንዱ ነው። ታራንት፣ ኮሊን፣ ዴንተንም እንደዚያው። በሂውስተን በኩል ሃሪስና ፎርት ቤንድ፣ በኦስቲን በኩል ትራቪስና ዊልያምሰን ይጠይቃሉ። የሚመለከተው ዕድሜው ከ2 እስከ 24 ዓመት የሆነ የቤንዚን መኪናን ነው። ኮሮላውም ካምሪውም ይገቡበታል ብዬ አስባለሁ።

ከዚያ ታክስ ኦፊስ። 130-ዩ የሚባለውን ቅጽ ሞልታችሁ፣ መታወቂያ፣ የቴክሳስ ኢንሹራንስና የሜሪላንዱን ታይትልና ሬጅስትሬሽን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ካምሪዋ ታይትሏ እጃችሁ ስላለ አዲስ የቴክሳስ ታይትል ይወጣላታል። ኮሮላዋ ታይትሏ አበዳሪው ጋ ስለሆነ "ለሬጅስትሬሽን ብቻ" ብለሽ ማመልከት ትችያለሽ። ቅጹ ላይ ምርጫው አለ። ለአበዳሪው ግን ስቴት መቀየርሽን ደውለሽ ንገሪው፤ ውሉ ውስጥ የሚያስገድድ አንቀጽ አይጠፋም።

ሂሳቡን በተመለከተ፣ ለአዲስ ነዋሪ በአንድ መኪና 90 ዶላር ግብር አለ። ታይትል በእናንተ ካውንቲ 33 ዶላር ነው። የዓመቱ ሬጅስትሬሽን 50.75 ነው። የቀረውን ኢንስፔክሽን የተካ 7.50 እና ሌላ ትንንሽ የካውንቲ ክፍያ ይጨመራል። ታይትል ለሚወጣላት መኪና 200 ዶላር ገደማ ያዙ።

ሸገር_በዳላስ

ሰውን አታስፈራሩ እንጂ። እኔ በድሮው ታርጋ ረጅም ጊዜ ነድቻለሁ። ፖሊስም አስቁሞኝ ያውቃል፤ ስለ ታርጋው ምንም አላለኝም። ሰዎቹ ገና ቤት ተከራይተው፣ ዕቃ ገዝተው፣ ኪሳቸው ባዶ ነው። አባታችን የነገሯቸው የሚኖርበትን ነው።

ኢንሹራንስ_እሠራለሁ

ወንድሜ ሸገር፣ የኪሱን ነገር እረዳሃለሁ። እኔ የምፈራው ፖሊሱን አይደለም። የምፈራው አደጋ የደረሰ ቀን የሚመጣውን ነው።

ኢንሹራንስ ዋጋ የሚወጣለት መኪናው በሚያድርበት አድራሻ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያድራል ተብሎ የተገዛ ፖሊሲ ይዘህ ጋርላንድ እየኖርክ ብትጋጭ፣ ካምፓኒው መጀመሪያ የሚጠይቅህ መቼ እንደተዛወርክ ነው። ሊዝህን (የቤት ኪራይ ውልህን) ያያል፤ የልጆችህን ትምህርት ቤት ያያል። አድራሻውን ሆን ብለህ ደብቀሃል ብሎ ካመነ ክፍያውን ሊከራከርበት ይችላል። ያኔ የሁለት መቶ ዶላሩ ነገር ትዝም አይልህም።

አባታችንን በክብር እንሰማቸዋለን። በዚህ ጉዳይ ግን ምክራቸው ሰው ይጎዳል።

ሌላም ነገር አለ። እዚህ የክፍያ መንገዱ ብዙ ነው። የመንገድ ክፍያ የሚቆርጠው የሜሪላንዱ ኢዚፓስ ቴክሳስ ውስጥ አይሠራም። የዚህ አገሩን የክፍያ መንገድ መለያ፣ ቶልታግን፣ ካላወጣችሁ ካሜራው ታርጋውን ያነሳና ሂሳቡ በፖስታ ይመጣል፤ ያውም በተወደደ ዋጋ። ታርጋው የሜሪላንድ ከሆነ ደብዳቤው የሚሄደው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እናንተ ሳታዩት መዘግየት ይቆጠርበታል። ቶልታግ ዛሬውኑ ክፈቱና የሜሪላንዱን ታርጋ አስመዝግቡበት። አዲሱ ሲመጣ ቁጥሩን ቀይሩት። ኢዚፓሱ ላይ ያለውንም የድሮ ታርጋ አስወጡ።

ሸገር_በዳላስ

የኢንሹራንሱን ነገር እንዲህ አስቤው አላውቅም። እሺ፣ ተቀብያለሁ።

የቨርጂኒያው

በዚሁ ከቨርጂኒያ ለምትመጡ አንድ ነገር ላክል። አሌክሳንድሪያም ሆነ ፌርፋክስ መኪና በየዓመቱ የንብረት ግብር ይከፈልበታል። ለቅቃችሁ ስትሄዱ ለዲኤምቪ (ለስቴቱ የመኪና ቢሮ) ብቻ ሳይሆን ለከተማው ወይም ለካውንቲው ግብር ቢሮም አሳውቁ። ካላሳወቃችሁ መኪናው እዚያው እንዳለ ቆጥረው ግብሩን ይልኩላችኋል። በቨርጂኒያም ቢሆን ታርጋው ሳይመለስ ኢንሹራንስ አይሰረዝም።

የሲልቨርስፕሪንጓ

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ኢንሹራንሱን አልሰረዝኩም! አዲሱን ጀምሬ የድሮውን አቆይቼዋለሁ።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ ኮሮላዋ በመኪና ጫኝ ነው የመጣችው። ስትደርስ ባትሪዋ ሞቶ ነበር። ባለቤቴ አዲስ ገጠመላት። ኢሚሽን ልናስደርግ ብንሄድ ሰውዬው ኮምፒውተሩን ሰክቶ አየና "አልተዘጋጀችም" አለን። ምንም መብራት አልበራም፤ ሞተሯም ደህና ነው። ያልገባኝ ይህ ነው።

ሁለተኛ፣ የባለቤቴ ስም ወርክ ፐርሚቱ ላይ የራሱ፣ የአባቱና የአያቱ ተጽፏል። ሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ ላይ የራሱና የአያቱ ብቻ ነው ያለው። ሜሪላንድ ላይ ችግር አልሆነበትም። እዚህስ?

መካኒኩ_ፕሌኖ

የመኪናዋ ነገር ቀላል ነው እህቴ፤ አትጨነቂ።

የአሁኑ ኢሚሽን ምርመራ ቱቦው ላይ ጭስ አይለካም። ከመሪው ሥር ባለው መሰኪያ የመኪናዋን ኮምፒውተር ነው የሚያነብበው። ኮምፒውተሩ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን፣ የኦክስጅን ሴንሰሩን፣ የቤንዚን ትነቱን መቆጣጠሪያ ተራ በተራ ራሱ ይፈትሽና ውጤቱን ይመዘግባል። ባትሪ ሲሞት ወይም ሲነቀል ያ መዝገብ ይጠፋል። ምርመራው ባዶ መዝገብ ሲያገኝ "አልተዘጋጀም" ብሎ ይመልሳል። መኪናዋ ተበላሽታለች ማለት አይደለም። ኮምፒውተሩ ፍተሻውን ገና አልጨረሰም ማለት ነው።

መድኃኒቱ መንዳት ነው። አነዳዱ ግን ወሳኝ ነው። ሌሊቱን አሳድሪያትና ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ አስነሺ። ጥቂት ደቂቃ ቆማ ትሥራ። ከዚያ ሀይዌይ ውጪና ፍጥነትሽን ሳትቀያይሪ ለተወሰነ ጊዜ ንጂ። ተመልሰሽ የከተማ ውስጥ መንገድ፣ መብራት ላይ እየቆምሽ፣ ንጂ። ይህን ለተወሰኑ ቀናት ድገሚው። ታንኩን ጢም አድርገሽ አትሙዪው፤ ባዶም አታድርጊው። የትነቱ ፍተሻ መካከለኛ ቤንዚን ሲኖር ነው የሚሠራው።

ኮድ የምታነብ ትንሽ መሣሪያ ያለው ጎረቤት ካለ ከመሄድሽ በፊት ይይልሽ። ከ2001 ወዲህ ለተሠራ መኪና አንድ ያልጨረሰ ፍተሻ ቢቀር ያሳልፉታል። ሁለት ከቀረ ግን ይመልሱሻል።

እና አደራ፣ ምርመራው ሳያልቅ ማንም ኮድ እንዲያጠፋልሽ አትፍቀጂ። ያ እንደገና ከዜሮ ያስጀምርሻል።

አዲስ_ዜጋ

የስሙን ነገር እኔ ልመልስ። ይህ የእኛ ሰው ሁሉ ፈተና ነው። እኛ የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም። አንዱ መሥሪያ ቤት የአባትን ስም መካከለኛ ስም ያደርገዋል፤ ሌላው ይተወዋል። ፓስፖርቱ ላይ ስም ሁሉ በአንድ መስመር የተጻፈባቸው ሰዎች ደግሞ መጠሪያ ስማቸው ቦታ ላይ "ኤፍ ኤን ዩ"፣ ማለትም "የመጀመሪያ ስሙ አይታወቅም"፣ ተብሎ የተሰጣቸው አሉ።

ዲፒኤስ የምታቀርቡለት ወረቀት ሁሉ ስሙ እርስ በርሱ እንዲገጥም ይፈልጋል። ሜሪላንድ ያለፈ ነገር እዚህ ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ ባለቤትሽ ቀጠሮው ከመድረሱ በፊት ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ሄዶ ስሙን ከወርክ ፐርሚቱ ጋር ያስገጥም። ነፃ ነው። ከዚያ ኢንሹራንሱም ሬጅስትሬሽኑም ላይ ያንኑ ስም ይጠቀም። ታክስ ኦፊስ ከመሄዳችሁ በፊት ይህ ቢያልቅ ደስ ይለኛል፤ ታይትል ላይ የገባ ስም መልሶ ማስተካከል አሰልቺ ነው።

ወርክ ፐርሚት ላለው ሰው የሚሰጠው መንጃ ፈቃድ የተገደበ ጊዜ ያለው ነው። የወረቀቱ ቀን ሲያልቅ መንጃ ፈቃዱም ያልቃል። ዋጋው ግን እንደ ሙሉው 33 ዶላር ነው። የአንቺ በግሪን ካርድ ስለሆነ እስከ 8 ዓመት ይሰጥሻል። የእሱን ሕጋዊ ሁኔታ ከኢሚግሬሽን ጋር በኮምፒውተር ያጣራሉ። አንዳንዴ ወዲያው ይመጣል፤ አንዳንዴ ቀናት ይወስዳል። ሲዘገይ "ተከለከልኩ" ብሎ እንዳይደነግጥ። የጉዳዩን ደረሰኝ ወረቀት ይያዝ።

ዕድሜያችሁ 18 ያለፈ ከሆነና የሜሪላንዱ ቀኑ ካላለፈ የጽሑፍም የመንዳትም ፈተና የለባችሁም። ዓይናችሁን ይፈትሻሉ፤ ፎቶና አሻራ ይወስዳሉ። የሜሪላንዱን ካርድ ይወስዱታል። ጊዜያዊ ወረቀት ይሰጧችኋል፤ ካርዱ በፖስታ ይመጣል። ከመሄዳችሁ በፊት የሜሪላንዱን ካርድ ፊቱንም ጀርባውንም ፎቶ አንሡት።

እናት_ሂውስተን

እኔ ደግሞ ማንም ያላነሳውን ላንሳ። ለእኔ ከታርጋውም ከመንጃ ፈቃዱም ይበልጣል።

ዲፒኤስ የምትሞሉት ቅጽ ላይ የአሜሪካ ዜጋ ነህ ወይ የሚል ጥያቄ አለ። ለመምረጥ መመዝገብ ትፈልጋለህ ወይ የሚልም አለ። ዜጋ ያልሆነ ሰው ሁለቱንም "አይደለሁም፣ አልፈልግም" ነው የሚለው። ግሪን ካርድ ዜግነት አይደለም። ሠራተኛዋ ቶሎ ቶሎ እየጠየቀች፣ ሰው እንግሊዝኛው ሳይገባው "የስ፣ የስ" ብሎ ይፈርማል። በኋላ ለዜግነት ሲያመለክት ይህ ተመዝዞ ይወጣል። ዜጋ ነኝ ብሎ መመዝገብ ከአገር እስከ መባረር ያደርሳል። ቅጹን ቤት አትማችሁ፣ በእርጋታ አንብባችሁ፣ ሞልታችሁ ሂዱ። ያልገባችሁን ልጆቻችሁ ያንብቡላችሁ። ፊርማ ከማኖራችሁ በፊት ስክሪኑ ላይ የሚታየውንም አንብቡ።

ሌላው የኢሚግሬሽን አድራሻ ነው። ዜጋ ያልሆነ ሁሉ፣ ግሪን ካርድ ያለውም ጭምር፣ ቤት በቀየረ በ10 ቀን ውስጥ ኤአር-11 በሚባለው ቅጽ ማሳወቅ አለበት። በኢንተርኔት ይሞላል፤ ክፍያ የለውም። መንጃ ፈቃድ መቀየር ይህን አይተካም፤ ፖስታ ቤት አድራሻ ማስቀየርም አይተካውም። የባለቤትሽ ጉዳይ ፍርድ ቤት ከሆነ ደግሞ በ5 ቀን ውስጥ ኢኦአይአር-33 የሚባለውን ለፍርድ ቤቱ ለብቻው ማስገባት ይኖርበታል። ልብ በሉ፣ አድራሻ ማሳወቅ ብቻውን ጉዳዩን ወደ ቴክሳስ አያዛውረውም። ማዛወሩ በጠበቃ ወይም በራሱ ጥያቄ ቀርቦ ዳኛው ሲፈቅድ ነው። እስከዚያ ቀጠሮው ሜሪላንድ ነው፤ መቅረት የለበትም።

እህቴ፣ ይህን ካላደረጋችሁ መኪናውን ትታችሁ ዛሬ ማታ ይህን አድርጉ።

የሲልቨርስፕሪንጓ

እናቴ፣ አላደረግነውም። ልጆቹ ተኝተዋል፤ አሁን ተቀምጠን እየሞላን ነው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት አልደረሰም፤ አሳይለም ኦፊስ (የጥገኝነት ጉዳይ ቢሮ) ነው ያለው።

እናት_ሂውስተን

ጎሽ። የጠበቃውንም ስልክና አድራሻ አረጋግጡ። ማረጋገጫውን አትማችሁ አስቀምጡት።

ባለ18ጎማ

ሰላም ለቤቱ። የከባድ መኪና ሾፌር ነኝ። ስለ ሲዲኤል፣ ስለ ከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ፣ ማንም አላነሳምና ለሌላ አንባቢ ይጥቀም።

ለሲዲኤል 90 ቀን የሚባል ነገር የለም። በፌዴራሉ ሕግ ኑሮህን ወደ ሌላ ስቴት ካዛወርክ በ30 ቀን ውስጥ ለማዛወር ማመልከት አለብህ። ሁለት ስቴት ላይ ሁለት ሲዲኤል መያዝም ክልክል ነው። የሕክምና ካርድህ ቀኑ ያላለፈ ይሁን። ሐዝማት (አደገኛ ዕቃ የመጫን ፈቃድ) ያለህ ደግሞ ሐዝማቱን ለማቆየት የጽሑፍ ፈተናውን እንደገና ትወስዳለህ።

በወርክ ፐርሚት ላይ ያላችሁ ሾፌሮች ይህን በደንብ ስሙኝ። ዲፒኤስ በሴፕቴምበር 2025 መጨረሻ ላይ ለስደተኞችና ጥገኝነት ላገኙ ሰዎች የሚሰጠውን ኖን-ዶሚሳይልድ ሲዲኤል (ዜግነትም ግሪን ካርድም ለሌለው ሰው የሚሰጠውን) አቁሟል። ነገሩ ፍርድ ቤትም ገብቷል፤ ይለዋወጣል። እጃችሁ ላይ ያለውን ካርድ አስረክባችሁ ባዶ እጃችሁን እንዳትቀሩ፣ ቤት ከመከራየታችሁ በፊት ዲፒኤስን በጽሑፍ ጠይቁ። ቤተሰብ የሚያድርበት እንጀራ ነው።

ኡበር_ሾፌሩ

ለኡበርና ለሊፍት የምትነዱ፣ አዲሱን መንጃ ፈቃድ፣ ኢንሹራንስና ሬጅስትሬሽን አፑ ላይ ሦስቱንም አስገቡ። የኋላ ታሪክ ምርመራውም እንደገና ሊታይ ይችላል፤ እስኪያልቅ ሥራ ሊቆም ስለሚችል ትንሽ ገንዘብ ያዙ። ዲፒኤስ የሚሰጠው ጊዜያዊ ወረቀት አፑ ላይ ላያልፍ ይችላል። ስለዚህ ካርዱ በፖስታ እስኪመጣ ያለውን ጊዜ አስቡበት።

ወንድም_ከሪቻርድሰን

የቀጠሮውን ነገር ማንም አልነገራትም። ዲፒኤስ ቀጠሮ በኢንተርኔት ነው። ከተማው ውስጥ ብትፈልጊ ቀኑ ይርቃል። ያገኘሽውን መጀመሪያ ያዢ፤ ከዚያ ጠዋት ጠዋት ተመልሰሽ እዪ። የተሰረዘ ቦታ ይለቀቃል። ከከተማ ወጣ ያለ ቢሮም ይሞከር፤ ቴሬል ወይም ግሪንቪል ሊሆን ይችላል። ነድቶ መሄዱ ወራት ከመጠበቅ ይሻላል። ቀጠሮውን ዛሬ ያዢና መኪናውን እስከዚያ ጨርሺ።

ነርሷ_ዳላስ

እስማማለሁ። የዘጠና ዶላሩን ግብር በተመለከተ የጎደለ ነገር ልጨምር። 90 ዶላር የሚሆነው መኪናው ከዚህ በፊት በሌላ ስቴት በራስሽ ስም ተመዝግቦ ከነበረ ነው። ልትዛወር ስትል መኪና ገዝታ፣ እዚያ ሳታስመዘግብ ይዛ የመጣች ልጅ አውቃለሁ። እሷ የተጠየቀችው 6.25 በመቶውን የሽያጭ ግብር ነው። እዚያ የተከፈለ ግብር ካለ ይቀነሳል፤ ደረሰኙ ግን መኖር አለበት። ወደ ቴክሳስ ልትመጡ ያሰባችሁ መኪና ግዢውን ቀድማችሁ አስቡበት። የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ ደግሞ በየዓመቱ ተጨማሪ 200 ዶላር አለባችሁ።

የሲልቨርስፕሪንጓ

የደረስንበትን ልንገራችሁ።

ሶሻል ሴኩሪቲ ስሙን አስተካክሎልናል። ካምሪዋ ኢሚሽኑን ወዲያው አለፈች። ኮሮላዋን መካኒኩ እንዳለው ጠዋት ጠዋት እየነዳኋት ቆየሁ። ጎረቤታችን ኤልሳልቫዶራዊ ነው፤ ያቺ ትንሽ መሣሪያ አለችው። ሰክቶ ሲያያት የትነቱ ፍተሻ ብቻ ነበር የቀረው። ወሰድናት፤ አለፈች።

ታክስ ኦፊስ የገባሁት ሁሉንም ወረቀት በሁለት ፖስታ ለይቼ፣ በአንዱ ላይ "ካምሪ"፣ በሌላው ላይ "ኮሮላ" ብዬ ጽፌ ነው። ሠራተኛዋ ይህን አይታ ፈገግ አለች። ኮሮላዋን ለሬጅስትሬሽን ብቻ አለፈችልኝ። ታርጋዎቹን እዚያው ሰጠችኝ፤ ከፊትና ከኋላ። ስቲከሩ ታርጋው ላይ መስሎኝ ነበር። እዚህ ከመስታወቱ ውስጥ፣ በሾፌሩ በኩል ታች ነው የሚለጠፈው። ባለቤቴ የሜሪላንዶቹን ፈትቶ፣ ፎቶ አንሥቶ፣ በመከታተያ ልኳቸዋል። ማረጋገጫው ሲመጣ የድሮውን ኢንሹራንስ እሰርዛለሁ።

የዲፒኤስ ቀጠሮ ቴሬል አግኝተናል፤ ሁለታችንም በአንድ ቀን። ቅጹን ቤት ሞልተን የምርጫውን ጥያቄ ጮክ ብለን አንብበነዋል።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ብቻ። እናቴ በሚመጣው ወር ከሜሪላንድ ይመጣሉ። ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። መኪና የላቸውም፤ መንጃ ፈቃድም የላቸውም፤ የሜሪላንድ መታወቂያ ነው ያላቸው። ቤቱም ሂሳቡም በእኛ ስም ነው። እዚህ መኖራቸውን በምን ያሳያሉ?

አዲስ_ዜጋ

መንጃ ፈቃድ ሳይሆን የቴክሳስ መታወቂያ ነው የሚያስፈልጋቸው፤ እሱም ዲፒኤስ ነው። የነዋሪነት ማረጋገጫ በስማቸው ለሌለ ሰው ዲኤል-5 የሚባል የቃል ማረጋገጫ ቅጽ አለ። አንቺ አብረሻቸው ትሄጃለሽ፤ እኔ ጋ ነው የሚኖሩት ብለሽ ትፈርሚያለሽ። የአንቺን ሁለት የአድራሻ ማስረጃ ያዢ፦ ሊዙን፣ የመብራት ሂሳቡን ወይም የባንክ ስቴትመንቱን። ዝምድናችሁን የሚያሳይ ወረቀትም ያዢ። የልደት የምስክር ወረቀትሽ በአማርኛ ብቻ ከሆነ ቀድመሽ አስተርጉሚው።

ግሪን ካርድ ካላቸው ኤአር-11 ለእሳቸውም ይሞላ። እንደደረሱ የጤና ካርዳቸውን ነገርም ጠይቂ፤ የሜሪላንድ ሜዲኬይድ (የመንግሥት የጤና መድን) ወደ ቴክሳስ አይሻገርም፤ እዚህ እንደ አዲስ ነው የሚያመለክቱት።

የሲልቨርስፕሪንጓ

ሜዲኬይዱን አላሰብኩበትም ነበር። እሱን ለብቻው ሌላ ክር ከፍቼ እጠይቃለሁ። ተባረኩ።